ብርጭቆው ከጠረጴዛው አይነሳ

ትምህርት ቤት በተዘጋ ሰሞን፣ ቅዳሜ ማለዳ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከአሌክሳንድርያና ከዲሲ ተነስተው በ95 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ ከሚወርዱት መኪኖች መካከል የሐበሻ ቤተሰብ የያዙት ጥቂት አይደሉም። ሪችመንድ ሲደረስ በ64 ወደ ምሥራቅ ይታጠፋል። መንገዱ ካልተዘጋጋ ከቤት ደጃፍ እስከ መኪና ማቆሚያው ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። መድረሻው ዊልያምስበርግ፣ ቡሽ ጋርደንስ የሚባለው የመዝናኛ ፓርክ ነው። ልጆቹ የትኛው ሮለር ኮስተር እንደሚቀድም እየተከራከሩ፣ እናቶች የፀሐይ ቅባቱን ከቦርሳ እያወጡ፣ አባቶች መኪናዋ የቆመችበትን ረድፍ በስልካቸው ፎቶ እያነሱ ይገባሉ።

እኔም ከእህቴ ቤተሰብ ጋር ሄጃለሁ። እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ ሲከርር የተጠለልነው በፓርኩ የጀርመን ሠፈር ባለው ዳስ ፌስትሃውስ በሚባለው አዳራሽ ነው። ሁለት ሺህ ያህል ሰው የሚያስቀምጥ፣ ረጃጅም የእንጨት ጠረጴዛዎች የተደረደሩበት፣ መድረክ ያለው ሰፊ ቤት ነው። ጠረጴዛው ላይ ቋሊማ፣ ድንች፣ የልጅ ፊት የሚያህል ፕሬትዝል አለ። በአንዱ ወገን ሕፃን በጋሪው ላይ ተኝቷል፤ በሌላው ወገን አንድ ሽማግሌ አረፋው ያልበረደ ቢራ ይዘው ከልጅ ልጃቸው ጋር ለሙዚቃው ያጨበጭባሉ። ማንም ማንንም አልረበሸም። የእህቴ ባል የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ የገዛው ሌመኔድ ነበር። የሰባት ዓመት ልጁ የሽማግሌውን ብርጭቆ ስታይ ቆይታ ጠየቀችው።

«አባዬ፣ አንተ ቢራ አትወድም?»

«እወዳለሁ እንጂ፣ የኔ እናት።»

«ታዲያ ለምን አልገዛህም?»

«ማታ ማን ሊነዳ ነው? አንቺ ትነጂያለሽ?»

ልጅቱ ሳቀች። እህቴ «እኔ እነዳለሁ፣ አንዱን ጠጣ» አለችው። «ይቅር፣ ደግሞ ሞቋል» ብሎ ተወው፤ ነገሩ በዚያው አለፈ።

እኔ ግን አልተውኩትም። ቤተሰብ ይዝናናበታል በሚባል ቦታ፣ ትኬቱ በልጅ ስም በሚቆረጥበት ግቢ፣ ምግብ ቤቱ የአልኮል መጠጥ ሊሸጥ ይገባል ወይ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። የፓርኮቹን ታሪክ ስንከታተል ግን ከሁሉ የተሻለው መልስ ለብዙ ዓመታት በሥራ ላይ እንደነበረና ዓይናችን እያየ እንደተተወ እናገኛለን። (ዓመታቱን የማስቀምጠው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

የዊልያምስበርጉ ፓርክ ከቢራ የተወለደ ነው። ባለቤቱ የነበረው አንሃይዘር ቡሽ፣ የበድዋይዘር ጠማቂ፣ በ1959 ፍሎሪዳ ታምፓ ላይ ከፋብሪካው አጠገብ የአትክልት ስፍራ ከፈተ። የሚጎበኘው ወፍ፣ አበባና የቢራ አጠማመቅ ነበር፤ ጎብኚው በልክ የሚቀዳ ነፃ ቢራ ይቀርብለት ነበር። የቨርጂኒያው በ1975 ተከተለ፤ እሱም ከኩባንያው ፋብሪካ ጎን ነው የተተከለው። እዚያ ቢራው ቀድሞ መጣ፣ ልጆቹ በኋላ መጡ። ኢንቤቭ የተባለው የአውሮፓ ኩባንያ በ2008 አንሃይዘር ቡሽን ከገዛ በኋላ ፓርኮቹ ለሌላ ባለሀብት ተሸጡ፤ የነፃ ቢራውም ልማድ በ2009 ቆመ። መጠጡ ግን በክፍያ ቀጠለ። ወደዚያ የሚሄድ ቤተሰብ ሁሉ ይህንን የፓርኩን አመጣጥ ከስሙ ጀምሮ ያውቀዋል፤ የተደበቀበት ነገር የለም።

ሌላኛው መንገድ የዋልት ዲዝኒ ነው።

ዲዝኒ ራሱ እንደተናገረው ሐሳቡ የመጣለት ሎስ አንጀለስ ግሪፊዝ ፓርክ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሁለት ሴት ልጆቹ በሚሽከረከሩት የእንጨት ፈረሶች ላይ ሲዞሩ እያየ ነው። ልጆቹ ይጫወታሉ፤ እሱ ኦቾሎኒ እየበላ ይጠብቃል። ወላጅና ልጅ አብረው የሚደሰቱበት ቦታ ለምን አይኖርም አለ። በዚያ ዘመን የአሜሪካ መጫወቻ ስፍራ ሲባል በብዙ ሰው አእምሮ የሚመጣው የኒውዮርኩ ኮኒ አይላንድ ዓይነት ነበር፦ ቆሻሻ፣ ጩኸት፣ ቢራ ቤት። በ1951 ኮፐንሃገን ሄዶ ቲቮሊን አየ። ቲቮሊ ከ1843 ጀምሮ የቆመ የአትክልት ስፍራ ነው። መብራቱን፣ ንጽሕናውን፣ የአበባውን አያያዝ፣ የሠራተኞቹን ትሕትና እያየ ማስታወሻ ያዘ። ዴንማርኮች እዚያ ውስጥ ቢራቸውን ከቤተሰባቸው ጋር ተቀምጠው ነው የሚጠጡት፤ ያንን ግን አልወሰደም። በ1955 ካሊፎርኒያ አናሃይም ላይ ዲዝኒላንድን ሲከፍት ቢራም፣ ወይንም፣ ሌላም እንዳይሸጥ ወሰነ። ምክንያቱን በግልጽ ተናግሯል፦ መጠጥ ሁከተኛ ይጠራል፣ ሰውም እዚያ ሲመጣ አያስፈልገውም። ሰውየው መጠጥ የማይቀምስ መነኩሴ አልነበረም፤ ማታ ከሥራ ሲወጣ ውስኪውን ይጎነጭ ነበር። ለእሱ ነገሩ የቦታ ጉዳይ ነበር እንጂ የኃጢአትና የጽድቅ አልነበረም። ይህንን አቋሙን ከልቤ አከብረዋለሁ፤ ራሱ የሚወደውን ነገር ለሌላው ሰው ልጅ ሲል ከበር ያስቀረ ሰው ነው።

ያ ውሳኔ ግን ገና ከጅምሩ አንድ ስንጥቅ ነበረበት። ዲዝኒ ለስፖንሰሮቹና ለክቡር እንግዶቹ የሚሆን የግል ምግብ ቤት በፓርኩ ውስጥ አቅዶ ነበር። እሱ በ1966 መጨረሻ ሞተ፤ ክለብ 33 የተባለው ቤት በ1967 ተከፈተ። በዚያ በር ውስጥ መጠጥ ይቀዳል። አባል ለመሆን ብዙ ሺህ ዶላር መክፈልና ወረፋ መጠበቅ ያስፈልጋል። እንግዲህ ከሃምሳ ዓመት በላይ በአንድ ግቢ ሁለት ሕግ ሠራ፤ ትኬት ቆርጦ ለሚገባው ሠራተኛ መጠጥ ለልጆች ስለማይበጅ ተከለከለ፣ ለባለሀብቱ ግን ከፎቅ ላይ ተፈቀደ። ክልከላው ስለ ልጆች ከሆነ የኪስ ውፍረት ሊለየው አይገባም ነበር።

የክልከላው ትልቅ ፈተና የመጣው ከፈረንሳይ ነው። የዲዝኒ ኩባንያ በሚያዝያ 1992 ከፓሪስ በስተ ምሥራቅ ማርን ላ ቫሌ ላይ ዩሮ ዲዝኒን ሲከፍት የአናሃይሙን ደንብ ይዞ ሄደ፤ ምሳ ላይ ወይን የለም። ለፈረንሳዊ አባወራ ይህ የሰው አገር ሰው ቤቱ ድረስ መጥቶ እንዴት እንደሚበላ ሲያስተምረው ማለት ነው። በምሳ ሰዓት ከሥጋው ጋር አንድ ብርጭቆ ወይን ማቅረብ እዚያ የስካር ምልክት ሳይሆን የምግቡ አካል ነው፤ ልጆችም ከወላጆቻቸው ጎን ተቀምጠው ሲያዩት ያድጋሉ። ጋዜጦች ጮኹ፣ ምሁራን ተቆጡ። ፓርኩ ሌላም ብዙ ችግር ነበረበት፦ ዕዳ፣ ውድ ሆቴል፣ የተቀዛቀዘ ኢኮኖሚ። በ1993 ምግብ ቤቶቹ ወይንና ቢራ ማቅረብ ጀመሩ። ወይኑ ፓርኩን አላዳነውም፤ ወይን ማጣቱም አይደለም የጎዳው። ትምህርቱ ሌላ ነው። ለአንዱ ሕዝብ ጨዋነት የሆነው ለሌላው ንቀት ሊሆን ይችላል፤ የቤተሰብ ቦታ ደንብ ሲወጣ መጀመሪያ መታየት ያለበት የዚያ አገር ቤተሰብ እንዴት ማዕድ እንደሚቆርስ ነው።

ሁለት በሮች

አሁን በጣም ወደምወደው ክፍል ልግባ። የዲዝኒ ኩባንያ፣ አውቆም ይሁን ሳያውቅ፣ ለጥያቄው እጅግ ጥሩ መልስ ሠርቶ ነበር።

ፍሎሪዳ ላይ በ1971 የተከፈተው ማጂክ ኪንግደም መጠጥ አልባ ነበር። በ1982 ከዚያው አጠገብ ኤፕኮት ሲከፈት መጠጥ ይሸጥበት ጀመር። አናሃይም ላይ ዲዝኒላንድ እንደ ጥንቱ ደረቅ ሆኖ ሳለ፣ በ2001 ፊት ለፊቱ የተከፈተው ካሊፎርኒያ አድቬንቸር የወይን ቤት ይዞ ነው የመጣው። ከአንዱ በር ወደ ሌላው በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። ቶኪዮም እንዲሁ፤ በ1983 የተከፈተው ቶኪዮ ዲዝኒላንድ ደረቅ፣ በ2001 የተከፈተው ጎረቤቱ ዲዝኒሲ መጠጥ ያለበት። ሦስት ከተሞች፣ በእያንዳንዱ ጎን ለጎን ሁለት በር። መጠጣት የፈለገ የት እንደሚሄድ ያውቃል፤ ልጁን ይዞ ከመጠጥ መራቅ የፈለገም የት እንደሚሄድ ያውቃል። ሰባኪ አያስፈልግም፤ ተከራካሪም አያስፈልግም።

ይህ የበር ክፍፍል በስምንት ዓመት ውስጥ ፈረሰ። በ2012 መጨረሻ በማጂክ ኪንግደም አዲስ ምግብ ቤት ተከፈተ። በፈረንሳይ ቤተ መንግሥት አምሳል የተሠራ ስለነበር ማታ ማታ ብቻ ከእራት ጋር ወይንና ቢራ እንዲቀርብ ተፈቀደ። አንድ ቤት ነው፣ ጭብጡ የፈረንሳይ ነው ተባለ። በ2016 አራት ምግብ ቤቶች ተጨመሩ። በ2018 አስተናጋጅ ታዞ ተቀምጠው የሚበሉባቸው ቤቶች ሁሉ ገቡበት። አናሃይም በ2019 ተከተለ፤ በከዋክብት ጦርነት ፊልም ስም በተሠራው ሠፈር ውስጥ የተከፈተው መጠጥ ቤት በዲዝኒላንድ ለሕዝብ በይፋ መጠጥ የሸጠ የመጀመሪያው ሆነ። ቶኪዮ በ2020 ተከተለች። በ2025 ማጂክ ኪንግደም በባሕር ወንበዴዎች ጭብጥ የተሠራ የራሱን መጠጥ ቤት ከፈተ።

ማጂክ ኪንግደም ለምን እንዳስፈለገው ስጠይቅ መልሱ የገበያ ችግር አይደለም። ያለ አንድ ጠብታ መጠጥ ለአርባ ዓመት ቆይቷል፤ የመጀመሪያው ወይን ከመቀዳቱ በፊት በዓመት 17 ሚሊዮን ገደማ ሰው የሚገባበት፣ በዓለም ላይ ብዙ ጎብኚ ያለው ፓርክ ነበር። ቤተሰቡ መጠጥ ስላጣ አልቀረም። ነገር ግን ከምግብ ይልቅ ትርፍ ያለው መጠጥ ላይ እንደሆነ ምግብ ቤት የሠራ ሁሉ ያውቃል። የአንድ ቀን ትኬቱ ከ2015 ጀምሮ ከመቶ ዶላር አልፏል፤ ይህን ከፍሎ የገባ ወላጅ እራት ላይ አንድ ብርጭቆ ቢጠይቅ ምን ነውር አለው የሚለውም ክርክር ውኃ ያነሳል። ያለ ልጅ የሚመጡ አዋቂዎችም በዝተዋል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሆኖም ከዚህ በፊት መጠጥ የፈለገ ሰው የሚሄድበት በር አጠገቡ ነበር፤ የተወሰደው የሌላኛው ሰው በር ነው።

ያ ሌላኛው ሰው ማን ነው? ከመጠጥ ተላቆ ቀን የሚቆጥር አባት ነው። በእምነቱ ምክንያት መጠጥ ከቀረበበት ማዕድ የማይቀመጥ ሙስሊም ቤተሰብ ነው። ጴንጤ እናት ናት። ቤት ውስጥ ስካር አይታ ያደገች፣ የጠርሙስ ድምፅ ስትሰማ ዛሬም ልቧ የሚሸበር ሴት ናት፤ ለልጇ አንድ ቀን ከዚያ ድምፅ የራቀ ቦታ ልታሳየው ትፈልጋለች። እነዚህ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ እኛም መካከል አሉ። ለእነሱ ተብሎ የተሠራ ቦታ በዓለም ላይ ጥቂት ነው፣ ካሉትም ታላላቆቹ እነዚያ ሦስት ፓርኮች ነበሩ።

አንድ ነገር ደግሞ አስተውያለሁ። በግንቦት 2019 መጀመሪያ ቀን ዲዝኒ በአሜሪካ ፓርኮቹ ውስጥ የነበሩትን የሲጋራ ማጨሻ ቦታዎች ሙሉ በሙሉ ዘጋ። በዚያው ወር መጨረሻ ዲዝኒላንድ መጠጥ መሸጥ ጀመረ። ጭስ ጎረቤት ለተቀመጠው ሕፃን ሳንባ ወዲያው ይደርሳል፤ ሁሉም ያየዋል፣ ስለዚህ ክልከላውን ሁሉም ተቀበለው። መጠጥ ለልጁ የሚደርሰው በአባቱ በኩል ነው፤ በእጁ አያያዝ፣ በትዕግሥቱ፣ ማታ በመሪው በኩል። መንገዱ ስለረዘመ ጉዳቱ የለም ማለት አይደለም።

በእግር የሚዞር ብርጭቆ

ሁሉም አጠጣጥ አንድ አይደለም። የፌስትሃውሱ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፣ ከፊታቸው ምግብ አለ፣ የልጅ ልጃቸው ከጎናቸው ናት። ይህንን ለመከልከል ምክንያት አይታየኝም።

ኤፕኮት ላይ ግን ሌላ ልማድ አድጓል። በሐይቁ ዙሪያ የአሥራ አንድ አገሮች አምሳያ ሠፈር ተሠርቷል፤ ዙሪያው ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሜክሲኮ ማርጋሪታ፣ ከጀርመን ቢራ፣ ከጃፓን ሳኬ፣ ከፈረንሳይ ሻምፓኝ እየገዙ ሁሉንም አገር በመጠጥ መዞር ለብዙ አዋቂ ጎብኚዎች የታወቀ ጨዋታ ሆኗል። ለዚሁ ቀን ብለው አንድ ዓይነት ካናቴራ አሠርተው የሚመጡ ጓደኛሞች አሉ። መጠጡ በላስቲክ ብርጭቆ በመንገድ ላይ ይሄዳል። የፍሎሪዳ ሙቀት በበጋቸው ከ30 ዲግሪ በላይ ነው፤ አልኮል ደግሞ ከሰውነት ውኃ ያስወጣል፣ በባዶ ሆድ ሲሆን ቶሎ ያሰክራል። አሥራ አንድ አገር የሚዞር ሰው ስድስተኛው ላይ ሲደርስ የመጀመሪያውን ሰው አይመስልም። በዚያው መንገድ የሕፃን ጋሪ ይገፋል።

ስሙን በማላነሳው ሌላ ፓርክ አንድ ከሰዓት በኋላ ያየሁትን ልናገር። አንድ ሰው አግዳሚ ወንበር ላይ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጥሎ ተኝቷል፤ ከእግሩ ሥር ባዶ የላስቲክ ብርጭቆዎች ተደራርበዋል። አጠገቡ አምስት ዓመት የማይሞላው ወንድ ልጅ ቆሟል። ልጁ አያለቅስም። የአባቱን ጉልበት በሁለት ጣቱ እየነካ፣ ፊት ለፊት ያለውን የሚሽከረከር መጫወቻ ያያል፤ ሰልፉ አጭር ሆኗል፣ አሁን ቢሄዱ ቶሎ ይደርሳቸዋል። እንደገና ይነካዋል። አንዲት ሠራተኛ መጥታ ተንበርክካ እስክታነጋግረው ድረስ እንዲያ ነበር። ማንም አልተመታም፣ ማንም አልተሰደበም፣ በየትኛውም መዝገብ ላይ አይጻፍም። እኔ ግን ስለዚህ ጉዳይ ሳስብ ከቁጥር ሁሉ በፊት የሚመጡብኝ እነዚያ ሁለት ጣቶች ናቸው። መጫወቻ ቦታ ላይ ያለ ልጅ ሁሉ ነገሩ አጠገቡ ባለው አንድ አዋቂ ላይ ነው፤ ቁመቱን የሚያስለካው፣ ቀበቶውን የሚያጠብቅለት፣ ሕዝብ መሀል እጁን የሚይዘው፣ ወደ ቤት የሚወስደው እሱ ነው። ስለዚህ የምለካበት መለኪያ አንድ ነው፦ ይህ አሻሻጥ ልጁ አጠገብ ያለውን አዋቂ ሙሉ ሰው አድርጎ ያቆየዋል ወይስ ይቀንሰዋል?

በዚህ መለኪያ የእኛን ማዕድ አስታውሳለሁ። በክርስትና፣ በማኅበር፣ በሰርግ ቤት ልጆች ጠላና ጠጅ ባለበት ነው ያደግነው፤ ፈረንሳዊው ወይኑን እንደሚያየው ማለት ነው። ግን ቤቱ ሥርዓት ነበረው። ለልጁና ለማይጠጣው ብርዝ ይቀርባል፣ ቅሪቦ ይቀርባል፤ ያልጠጣ ሰው ባዶ እጁን አይቀመጥም፣ አያፍርምም። አሳላፊው ማን ስንተኛው ላይ እንደደረሰ በዓይኑ ይቆጥራል። ከልክ ያለፈውን ታላቅ ሰው «ልጄ፣ በቃህ» ይለዋል፤ ማንም ብድግ ብሎ ብርጭቆ ይዞ መንገድ አይወጣም። ይህ ሥርዓት ሁልጊዜ ሠርቷል አልልም። አባቱን ከጠጅ ቤት ደጅ ቆሞ የጠበቀ ልጅ፣ ካቲካላ እንዲገዛ የተላከ ልጅ በየሠፈራችን ነበር፣ ዛሬም አለ። ሆኖም በሠራበት ቤት የሠራው በቃህ የሚል ሰው ስለነበረ ነው።

ፓርክ ውስጥ ያ ሰው የለም። መጠጡን የሚሸጠው በሰዓት የሚከፈለው ወጣት ነው፤ ደንበኛውን ከዚህ በፊት አላየውም፣ ከዚህ በኋላም አያየውም፤ ሦስተኛውን ከሌላ ጋሪ ገዝቶ እንደሆነ አያውቅም። መታወቂያ አይቶ ከ21 ዓመት በላይ መሆኑን ያረጋግጣል፣ ከዚያ በላይ አቅም የለውም። ስለዚህ የታላቁን ሰው ሥራ ደንቡ መሥራት አለበት። የዲዝኒላንዱ የከዋክብት ጦርነት መጠጥ ቤት እዚህ ላይ የተሻለ ምሳሌ ነው፦ ለአንድ ሰው ከሁለት ብርጭቆ በላይ አይቀዳም፣ ቆይታው 45 ደቂቃ ነው፣ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ይገባሉ። ለእነሱም ብስኩት የተቀመጠበት ሰማያዊ ወተት በክብር ይቀርባል፤ ነገሩ ከብርዙ ጋር ይቀራረባል። በማጂክ ኪንግደም ምግብ ቤቶችም መጠጡ ከቤቱ ደጃፍ አይወጣም። በሩ ከፈረሰ በኋላ የቀረው መልካም ነገር ይህ ነው፤ በጥብቅ ሊያዝ ይገባዋል።

ስለዚህ የእኔ አቋም ይህ ነው። ሁለት ፓርክ ጎን ለጎን ያለው ኩባንያ አንዱን ደረቅ ያድርግ፤ ይህ ከሁሉ ይሻላል። አንድ ብቻ ያለው ከምግብ ጋር፣ በተቀመጡበት፣ በአስተናጋጅ እጅ፣ በቁጥር ይሽጥ። በጋሪ ላይ፣ በሰልፍ መሀል፣ በመንገድ ዳር አይሽጥ። ቢራ ከመንገድ ላይ ሲነሳ ኩባንያው ገንዘብ እንደሚያጣ አውቃለሁ፤ ያንን ገንዘብ ቢያጣ ይሻለዋል።

የመንገዱም ጉዳይ አለ። የአውሮፓ ቤተሰብ ከቲቮሊ ወጥቶ ባቡር ላይ ይሳፈራል፤ የባቡር ጣቢያው ከፓርኩ ፊት ለፊት ነው። ከዊልያምስበርግ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚመለስ ሰው ግን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ውሎ፣ ልጆቹ ከኋላ ተኝተው፣ በጨለማ ሦስት ሰዓት ይነዳል። በቨርጂኒያ ሕግ በደም ውስጥ ያለው የአልኮል መጠን 0.08 ከደረሰ ወንጀል ነው፤ መኪናው ውስጥ ዕድሜው 17 ወይም ከዚያ በታች የሆነ ልጅ ካለ በዋናው ቅጣት ላይ ቢያንስ አምስት ቀን እስር ይጨመራል። ታክሲ፣ ሊሞ ወይም የጭነት መኪና ለሚነዳ ወገናችን መንጃ ፈቃድ ማለት የቤት ኪራይ ነው። ለዜግነት ላመለከተ ሰውም እንዲህ ያለ መዝገብ ከባድ ጥያቄ ያስነሳበታል። የእህቴ ባል «ማታ ማን ሊነዳ ነው?» ሲል ይህንን ሁሉ ቆጥሮ ነበር። ፓርኮቹም ሊቆጥሩት ይገባል፤ መጠጥ የሚሸጥ ፓርክ ከመዝጊያው ሁለትና ሦስት ሰዓት ቀደም ብሎ ሽያጩን ቢያቆም፣ ቀኑን የማይጠጣ ሾፌር ላለው ቤተሰብም ለስላሳውን በነፃ ቢቀዳ ወጪው ቀላል ነው።

ክርክሩ ወደ እኛም እየቀረበ ነው። ዲዝኒ በግንቦት 2025 አቡዳቢ ያስ ደሴት ላይ አዲስ ፓርክ እንደሚሠራ አስታውቋል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት፣ አብዛኛው ቤተሰብ ሙስሊም በሆነበት አገር ደንቡ እንዴት እንደሚወጣ አሁን ነው የሚወሰነው። ፓሪስ ላይ የሕዝቡን ማዕድ ሳይጠይቁ ከልክለው ነበር፤ እዚህ ደግሞ ሳይጠይቁ ቢፈቅዱ ያው ስሕተት በሌላ ፊቱ ነው። አቡዳቢ ያንን የጠፋውን ደረቅ በር መልሶ ለመክፈት ከየትኛውም ከተማ የተሻለ ዕድል አላት።

አገር ቤትም አንድነት ፓርክ፣ እንጦጦና ወዳጅነት ከተከፈቱ ወዲህ ቤተሰብ በእሁድ የሚሄድበት ቦታ ሰፍቷል። በሌላ በኩል ከሥጋ ቤቱና ከድራፍት ቤቱ ጓሮ ዥዋዥዌና ሸርተቴ የሚተክሉ ባለቤቶች በዝተዋል፤ አባት ጃምቦውን ይዞ ይቀመጣል፣ ልጁ ከጀርባው ይጫወታል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 (ይህኛው ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መጠጥ እንዳይሸጥ ከልክሏል፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥን የመጠጥ ማስታወቂያ እንዳይተላለፍም አድርጓል። ለልጅ አትሽጥ የሚለው ተጽፏል። ልጁን ይዞ የመጣውን አዋቂ የሚመለከተው ደግሞ በየቦታው ባለቤትና በከተማ አስተዳደሩ ሊጻፍ ይችላል፦ ሸርተቴው ከጠረጴዛው የሚታይበት ርቀት ላይ ይሁን፣ መጠጥ ያለ ምግብ አይቅረብ፣ መጫወቻው አጥር ውስጥ ብርጭቆ አይግባ፣ ቅሪቦና ብርዝ በዝርዝሩ ላይ ከቢራው እኩል ይጻፉ። አዲስ ፓርክ ሊከፍት ያሰበ ባለሀብት ይህን ከግንባታው በፊት ቢወስን ይሻለዋል፤ ዲዝኒ ባለፉት ዓመታት እንዳሳየው አንዴ መሸጥ የጀመረ ቤት ወደ ኋላ ሲመለስ አልታየም።